በሽፋሽፍቴ ያነሳሁት ማሽላ

ሽፋሽፍቴን የነቀልኩት በገዛ እጄ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ቢሆንም ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር እጅግ ስስ መሆን አለበት። ቅጠል ከሆነ ገና እርጥብ ሳለ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ተደርጎ፣ ሕዋሱን ባለበት በሚያቆይ ፈሳሽ ይነከራል። ቀጥሎ ሙጫ ይጠጣና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያንን ድንጋይ በመስታወት ቢላ እንቆርጠዋለን። ቢላውን የምንሠራው ራሳችን ነበርን፤ ወፍራም መስታወት ጭረን፣ በመሣሪያ ጨምቀን ስንሰብረው ጠርዙ ከየትኛውም ምላጭ ይበልጥ ይሳላል። ቢላው ላይ ትንሽ የውሃ ገንዳ ትለጠፋለች። የተቆረጠው ስስ ነገር እዚያ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ወርቅ ከመሰለ ወፍሯል፤ ብር ከመሰለ ደህና ነው። በጣት አይነካም፣ በብረት አይነካም፣ ጠጋ ብለው ከተነፈሱበት ይጠፋል። የሚገፋው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእንጨት ጫፍ ላይ በተጣበቀ የሰው ሽፋሽፍት። በዚያ እየገፉ ምስር በምታክል የመዳብ ወንፊት ላይ ያሳርፉታል።

ማሽኑን የሚጠብቁት ሽማግሌ ባለሙያ ይህን ያስረዱን ዕለት ሰባት ተማሪዎች ነበርን። ሴት እኔ ብቻ።

«እንግዲህ ሽፋሽፍት አምጡ» አሉን።

ወንዶቹ ተያዩ። ሁልጊዜ ፊት ወንበር የሚይዘው ልጅ ወደ እኔ ዞረና፣ «እትዬ አለችልን አይደል እንዴ! እኔ ደግሞ የወሎ ልጅ ዓይን ለዘፈን ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ሳቁ። ነቀልኩና ሰጠሁ። ዓይኔ እያለቀሰ ነበር፤ እነሱ በሳቅ የማለቅስ መሰላቸው።

«እትዬ» የሚሉኝ በእነሱ ዓይን ስላረጀሁ ነው። እነሱ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ እኔ ሃያ ስምንት። አንደኛ ክፍል የገባሁት ጡት ካወጣሁ በኋላ ነው። ራያ ቆላ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ቀበሌ፣ ለአንድ ሰውዬ ልሰጥ ቀን ተቆርጦ ሳለ አክስቴ መጥታ እጄን ይዛ ወጣች። የአባቴ እህት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ለብቻዋ የምታርስ ሴት። «ይቺ ልጅ ፊደል ሳትቆጥር ሙሽራ የሚያደርጋት መጀመሪያ እኔን ይቅበር» አለች። አባቴ እህቱን ያውቃታልና ተወ። ቆቦ ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ ይቀር ነበር። «እማማ አንደኛ ክፍል» ይሉኝ ነበር። ዝም ብዬ አነበብኩ። ከዚያ በኋላም ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ዝም ብዬ ማንበብ። ዝም ያለ ሰው ግን አይናደድም ያለው ማን ነው?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተናደድኩት በአንድ ወንበር ምክንያት ነው። ማሽኑ ያለው መስኮት በሌለው ክፍል ነበር። ከማሽኑ ፊት አንዲት የምትሽከረከር ወንበር አለች። እዚያ የተቀመጠ ሰው መብራቱን አጥፍቶ፣ አረንጓዴ በሚያበራው መስተዋት ላይ ዓይን አይቶት የማያውቀውን ያያል። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ያንን ወንበር በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ቁረጪ ሲሉኝ እቆርጣለሁ። የስድስቱን ሁሉ ናሙና የቆረጥኩት እኔ ነኝ። «እጇ ጥሩ ነው» ይላል መምህሬ። እጄ ጥሩ ስለሆነ እነሱ ተቀመጡ፣ እነሱ አዩ፣ እነሱ ፎቶ አነሱ። ከፎቶው ሥር የእነሱ ስም ተጻፈ።

መምህሬን ያኔ «እርስዎ» እለው ነበር። ዛሬ «እሱ» ብዬ የምጽፈው አስቤበት ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ዕድሜውን የአይጥ ጉበት ሲያጠና የኖረ ሰው ነበር። በአይጥ ጉበት ላይ ከሆነ የሚያህለው የለም፤ ይህን አልነፍገውም። ሄጄ ጠየቅኩት።

«እኔስ መቼ ነው የምቀመጠው?»

«የራስሽን ናሙና አምጪ» አለ ቀና ሳይል። «አዲስ ነገር አምጪ። ራስሽ ቁረጪ፣ ራስሽ ተቀመጪ፣ ዘገባውን ፈርሚ። የማሽኑ ፈቃድ የሚሰጠው ለዚያ ነው።»

አዲስ ነገር ነበረኝ። በበፊቱ ክረምት የአክስቴ ማሽላ ቅጠሉ ላይ ቢጫ መስመር ጥሎ፣ የያዘው አገዳ ሳያሽት ሲቀር አይቻለሁ። ሴቶቹ «ቢጫው» ነው የሚሉት፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ዘንድሮም እዚያው ቦታ እንደያዘው ሰምቼ ነበር። እኔ ላውቀው ነበር።

ስህተቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ለአክስቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። የላቦራቶሪ ደብተር እንደምጽፍ አድርጌ፣ ምንም ሳላጓድል። «ከጎርፍ ቦዩ በስተምሥራቅ ባለው ማሳሽ፣ ከላይ ሦስተኛው ገመገም ላይ ያለው፣ ቢጫው የያዘው ደጋሊት ማሽላ እንዳይነቀል። በጥቅምት መጥቼ እወስደዋለሁ። በሽታውን ዩኒቨርሲቲ እናየዋለን።» አክስቴ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ግድግዳዋ ላይ ሰቅላለች፤ ስሟን ትጽፋለች፤ ደብዳቤ ግን አታነብም። ደብዳቤ የሚደርሰው በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ጸሐፊው ደጅ በተሰበሰበው ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል፤ ለሁሉም እንዲህ ነው፤ የልደትም የሞትም ወሬ በዚያ በር ነው የሚገባው። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። እዚያው ነው ያደግኩት። አውቄ ረሳሁት። አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ወንበሯን እያሰብኩ።

የይለፍ ወረቀት አውጥቼ በጥቅምት ተነሳሁ። ባለሙያው ሽማግሌ ፈሳሹን በትንሽ ጠርሙስ ቀድተው፣ በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ውስጥ አስቀምጠው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ቅጠሉ ከአገዳው በተለየ በደቂቃ ውስጥ ይግባ። ከጠወለገ ልፋትሽ ገደል ገባ» አሉኝ። ከወልድያ ወዲያ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ፔርሙዙን ከፈተ።

«ሻይ ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«የምን?»

«የማሽላ።»

አሸተተና ፊቱን አዞረ። «ኤዲያ! ማሽላው በዚህ ከዳነ እኔም እድናለሁ» ብሎ መለሰልኝ። በዚያ መንገድ ሁሉ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ቆቦ ወርጄ፣ ሙቀቱ ፊቴን እየመታኝ፣ በእግሬ ወደ አክስቴ ማሳ ሄድኩ። አክስቴ ማሳው ጫፍ ላይ ቆማለች። ሳመችኝ፤ ግን እንደወትሮው አይደለም። ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ ለምለም፣ አረንጓዴ። ሦስተኛው ገመገም ላይ ወጣሁ። በአገዳዎቹ መሐል እዚህም እዚያም ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። አፈሩ በእግር ተደልድሏል።

«እቴቴ፣ የት ሄደ?»

«ምኑ?»

«ቢጫው! እንዳይነቀል ብዬ ጽፌልሽ የለም?»

«ጽፈሻል!» አለች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ጽፈሽማ አገር ሰምቷል! እዚያ የሰው ዘር ሁሉ በተቀመጠበት፣ ያ ድምፀ ነጎድጓድ ጸሐፊ ‹የአክስቴ ማሽላ በሽተኛ ነው› እያለ አነበበው። ገመገሙን ሳይቀር ቆጥረሽ! ለሌባም እንዲህ አይጠቆም!»

«በሽታውን ለማወቅ ነው።»

«አንቺ እስክታውቂ እኔ ምን ልብላ? የመሬት ሽግሽግ ሊደረግ ነው። ‹ማሳዋን ያልያዘች፣ አቅም የሌላት ሴት› ብለው ይቺን ጎርፍ የሚያጠጣት መሬት ለሊቀመንበሩ ዘመድ ሊሰጡብኝ ሰበብ አጥተው ነበር። ሰበቡን በፖስታ ላክሽላቸው፤ ያውም ቴምብር ለጥፈሽ።»

እሷና ሁለት ጎረቤቶቿ ሦስት ቀን ሙሉ የታመመውን እየለቀሙ ነቅለው ለከብት ሰጥተውታል። አንድ እንዳይቀር። የእኔ ወንበር በበሬዎቹ ሆድ ውስጥ ነበር።

ጮህኩባት። አክስቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። «ስንት ዓመት የለፋሁበት!» አልኩ፤ «ላንቺ ሣር ነው፤ ለእኔ ሕይወቴ ነው!» እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለእኔም ሣር አይደለም» አለችኝ። እሱን ስትል አየኋት፤ ከስታለች፤ መዳፎቿ በአገዳው ተሰነጣጥቀዋል። ንዴቴ ግን አልበረደም። ወደ ራሴ ዞረ እንጂ።

ገና ስንነታረክ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ሁለት የኮሚቴ አባላት መጡ። ሊቀመንበሩ ጠመንጃውን እንደ ከዘራ ይመረኮዘዋል።

«ጓዲት ተማሪ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ደብዳቤሽን ሰምተናል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አክስቴ ብለሽ አታደይም። ይኸው ማሳው። በሽታ አለው፣ የለውም?»

ክፍተቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። የሆነ ነገር እጄን ነካኝ። ዞር ስል አየሁት፤ ከሁለት ወፋፍራም አገዳ ኋላ የተደበቀ አንድ ቀጭን አገዳ። ቅጠሉ ከሥር እስከ ጫፍ ቢጫ መስመር። ሦስት ቀን የለቀሙ ሴቶች ስተውታል። የምፈልገው ናሙና ከክርኔ ሥር ቆሟል፤ ፈሳሹ በቦርሳዬ ውስጥ፣ በረዶው ገና አልቀለጠም።

ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ዘረጋሁና እንደ ሞቀው ሰው እያራገብኩ አገዳውን ከልዬ ቆምኩ።

«ጤነኛ ነው» አልኩ።

«ታዲያ የጻፍሽው?»

«የአምናውን ነው። ዘንድሮ የለም።»

«ፈርሚያ» አለ ጸሐፊው፤ ወረቀቱን ይዞ ነበር። ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ማሳውን ዳር ዳሩን አየና፣ «ወላሂ፣ የተማረ ሰው ደህና ነው፤ ክርክር ያሳጥራል» ብሎ ሄደ። ዘመዱ ዘንድሮ ሌላ መሬት ይፈልግ።

ሲርቁ አክስቴ መጣች። ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ፣ «ያንቺ ነው። ቁረጪው» አለች።

መቁረጥ እችል ነበር። ግን በላቦራቶሪው ደንብ ናሙና ያለ ቦታ ናሙና አይባልም። ወንፊቱ ሳጥን ላይ ማሳውን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን መጻፍ አለብኝ፤ ዘገባው ደግሞ ወደ እርሻ ሰዎች ይሄዳል፤ ከእነሱ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደዚሁ ጸሐፊ። ሌላ ቦታ ጽፌ ልዋሽ? አንድ ጊዜ በአፌም በጸሐፊው ወረቀትም ዋሽቻለሁ። በደብተሬ ላይ ግን አልዋሽም። አገዳውን ይዤ ነቀልኩት። ሥሩ ሲለቅ የወጣው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። ለበሬው ራሴ ወስጄ ሰጠሁት፤ ሁለት ጊዜ እንኳ አላኘከውም።

ከጎኑ ከነበረው ጤነኛ አገዳ ቅጠል ቆርጬ፣ ከትፌ ፈሳሹ ውስጥ ከተትኩ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ። ጤነኛ ማሽላም አይተው አያውቁም፤ እሱም ናሙና ነው፣ በእሱም ወንበር ይገኛል ብዬ።

መምህሬ ርዕሱን መቀየሬን ሲሰማ ተነጫነጨ፤ ግን ፈቀደ። ቅጠሉን እንደዚያ አሳምሬ ለማንም ቆርጬ አላውቅም። ብር የመሰለ ሪባን ውሃው ላይ ተያይዞ ወጣ። በሽፋሽፍቴ ገፍቼ ወንፊቱ ላይ አሳረፍኩት። አንድ ቀን ጠዋት ሽማግሌው ባለሙያ ወንበሯን በክንዳቸው ጠርገው፣ «በይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። መብራቱ ጠፋ።

አየሁ። የአክስቴን ማሳ አረንጓዴ የሚያደርጉት ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ጀልባ ያህል ሆነው ታዩኝ። ውስጣቸው እንደ አገዳ ክምር የተደራረበ ነገር አለ፤ ክምርና ክምር፣ በመስመር የተያያዘ። ከቅጠሉ ደም ሥር ዙሪያ ያሉት ግን ክምር የላቸውም፤ ውስጣቸው ረጃጅም መስመር ብቻ ነው። ገረመኝ። ፎቶ አነሳሁ፤ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስፈልግ አገኘሁት። በቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ማሽላ፤ የእነዚህ ዘር ጤነኛ ቅጠል አሠራሩ እንዲህ ነው። ለሙቀት አገር የተሠራ ቅጠል። ለቆቦ ፀሐይ።

ፎቶውን መምህሬ ፊት ዘረጋሁት። ጣቱን ደም ሥሩ ዙሪያ ላይ ጣለ። ፊቱ በራ።

«ይኸው! ክምሩ ፈርሷል። በሽታሽን አገኘሽው እኮ!»

«በሽታ አይደለም። የማሽላ ተፈጥሮ ነው።» መጽሐፉን ገልጬ አሳየሁት። አላየውም።

«ስንት ቅጠል አይቻለሁ፤ ክምር የሌለው ጤነኛ ቅጠል አይቼ አላውቅም።»

«ያዩት የደጋ ቅጠል ይሆናል።»

«እኔን ልታስተምሪ ነው? በሽታ ፍለጋ ልኬሽ፣ በሽታ ይዘሽ መጥተሽ ትክጃለሽ?» ዘገባውን ራሱ አዘጋጀው። «በቆቦ አካባቢ በማሽላ ላይ የታየ የቅጠል በሽታ።» ከሥሩ የማሳው ቦታ፤ ከእኔው ደብተር የተገለበጠ፣ ሦስተኛው ገመገም ሳይቀር። ለስብሰባ ሊያቀርበው ነው። የእኔ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፤ ቆራጯና ተመልካቿ እኔ ነኝና።

«ጤነኛ ነው» አልኩ። «አልፈርምም።»

«ያልፈረመ ማሽኑ ላይ አይቀመጥም።»

ሽማግሌው በኮሪደሩ ተከተሉኝ። «ልጄ፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው። ፈርሚና ቁጭ በይ። ነገ ስታውቂ ታርሚዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ዛሬም አውቃለሁ» አልኳቸው።

ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ጠመንጃ የተመረኮዘው ሰው ፊት ዋሸሁና በአንድ ቃል አመነኝ። የአይጥ ጉበቱ ሰው ፊት መጽሐፍ ገልጬ፣ ፎቶ ዘርግቼ እውነቱን ብናገር ከሐዲ ተባልኩ። ያለ እኔ ፊርማ ዘገባው ስብሰባ አልሄደም፤ ይህን ያህል አሸንፌአለሁ። ፎቶው ግን ከኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። «የታመመ የማሽላ ቅጠል» ይላል፤ ቀስት ተሰክቶበታል፤ ስም የለበትም። «የታመመ» የሚለውን በእርሳስ ሰርዤ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ። ተደመሰሰ። ደግሜ ጻፍኩ። እስክመረቅ ድረስ አንዱ ይደመስሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። የተመረቅኩት በሌላ ርዕስ፣ በመጻሕፍት ንባብ ብቻ ነው። ያቺ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት በሕይወቴ አንድ ጠዋት ነው።

ፊርማውን በከለከልኩ ማግስት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የእኔ የሆነውን ሰበሰብኩ። ብዙ አልነበረም፤ ደብተሬ፣ እርሳሴና ያቺ እንጨት። በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ከተትኳት።

ሳምንት ሳይሞላ ፊት ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጣ። የእሱ ናሙና ተራው ደርሶ ነበር።

«እትዬ፣ ያ ሽፋሽፍት የት ገባ? ጠረጴዛው ላይ አጣነው።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ቁራጩ ውሃው ላይ ቀረ። በምን እናንሳው?»

ከመጽሐፉ ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ሥር፣ ሽፋሽፍቱ ላይ።

«አንተም ዓይን አለህ» አልኩት። «ንቀል።»